ከገብረ ማርያም በፊት

ዶክተር ኒሊ የአባቴን አንገት ወረቀት ላይ ሣለችው። ሁለት ቧንቧ አሰመረችና የግራውን በእስክሪብቶ ታጠቁረው ጀመር፤ መሐሉ ላይ የክር ያህል ነጭ ቦታ እስኪቀር ድረስ። ወደ አንጎላቸው የሚወጣው ደም በዚህች ክር በኩል ነው የሚያልፈው አለችኝ በዕብራይስጥ። ለአባቴ በአማርኛ ነገርኳቸው። ወረቀቱን ተቀብለው ትክ ብለው አዩትና፣ ልጅቱ ሥዕል አትችልም አሉ። ይህን አልተረጎምኩም።

ረቡዕ ጠዋት ነበር። ከአንድ ቀን በፊት፣ ማክሰኞ፣ ከሥራ ስገባ አባቴ ማድ ቤት ተቀምጠው ብርቱካን ይልጡ ነበር። ባቡሩ ዘገየ ወይ ብለው ሊጠይቁኝ ጀመሩ፤ ከመሐል ቃሉ ተበላሸባቸው። ቢላዋው ከቀኝ እጃቸው ወደቀ። የአፋቸው ጫፍ ወደ ታች ተሳበ። የሚያወጡት ድምፅ የአባቴ ድምፅ ነበር፤ ቃል ግን አልነበረም። እኔ ናዓማ፣ ዩኒቨርሲቲ ስታትስቲክስ ተምሬ፣ ቴል አቪቭ በአንድ የኢንሹራንስ ድርጅት ሰው መቼ እንደሚታመም ሳሰላ የምውል ሴት፣ የአምቡላንሱን ቁጥር ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። ስምንት ደቂቃ ቆየ። ሰዎቹ ሲደርሱ አባቴ እንደ ወትሯቸው ሆነው፣ ቁጭ በሉ እንጂ፣ ብርቱካን ቅመሱ እያሉ ነበር።

ዶክተር ኒሊ እንደ እኔ ችኩል ናት፤ ስለዚህ ወደድኳት። ይህ ማስጠንቀቂያ ነው አለች። ቧንቧው ተከፍቶ ያጠበበው ነገር መውጣት አለበት፤ ጥያቄው መቼ የሚለው ብቻ ነው። ከማስጠንቀቂያ በኋላ ክፉዎቹ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ናቸው። ትልቁ የአንጎል ምት የሚመጣ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ያን ጊዜ ይመጣል። ቀዶ ጥገናውም ይበልጥ የሚጠቅመው ያን ጊዜ ነው። ዘግይቶ የሚሠራ ቢላዋ ያው ቢላዋ ነው፤ የሚያተርፈው ሰው ግን እያነሰ ይሄዳል።

ከዚያ ጠየቀችኝ። "ከዚህ በፊት እንዲህ ሆነው ያውቃሉ? አንድ ጊዜም ቢሆን?"

አባቴን ጠየቅኳቸው። ዓይናቸው ወደ መስኮቱ ሄደ።

"የለም በያት።"

"የለም" አልኳት።

እንግዲያው ሰኞ አለች፤ እስከዚያ መድኃኒት እየወሰዱ እዚሁ ይቆያሉ። አባቴ ሰኞን እንደ ስድብ ሰሙት። ከተዝካሩ በኋላ ነው አሉ። የእናቴ የወርቂቱ የሙት ዓመት ሊደርስ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር። ቄሱ ተጠርተዋል፣ አዳራሹ ተይዟል፣ ከኪርያት ጋትና ከነታንያ ዘመድ ይመጣል። ተዝካሯን ሳላወጣ አንገቴን ለቢላዋ አልሰጥም አሉ። እናቴ ለቀዶ ጥገና በማደንዘዣ ተኝታ ገብታ ሳትነቃ የቀረች ሴት ናት። አባቴ ይህን አላነሡም። ማንሣትም አላስፈለጋቸውም።

ወንድሜ አቭነር አውቶቡስ ነጂ ነው። የደንብ ልብሱን እንደለበሰ መጥቶ አልጋው አጠገብ ቆሞ ነበር። ከአባታችን ጋር ወገነ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ምን አላት፣ ኪኒናቸውን እየዋጡ ይቆያሉ፣ ደግሞ አንዴ ብቻ ነው የሆነው አለ። ስለ ሁለቱ ሳምንታት ልነግረው ስጀምር "ዳይ፣ ናዓማ፣ ዳይ" አለኝ፤ በቃሽ ማለቱ ነው። ዶክተር ኒሊ ፈቃዳቸው ካልሆነ ልታስገድዳቸው እንደማትችል ነገረችን። እስከ ማታ አስቡበት ብላ ወጣች።

ሰው ለአባቱ ሲፈራ የሚያየው ፊታቸውን ይመስለኝ ነበር። እኔ ግን የማየው ቀኝ እጃቸውን ብቻ ነበር። አንሶላው ላይ ተዘርግቷል። ጣቶቹ ሳይንቀሳቀሱ በቆዩ ቁጥር የእኔ ትንፋሽም አብሮ ይቆማል።

*

የአባቴን የሕክምና ካርድ ፍለጋ ኮሪደሩ ላይ ቦርሳዬን ስበረብር ደብዳቤው እጄ ገባ። አሥር ቀን ሙሉ ከኮምፒዩተሬ ሥር ተጣጥፎ ቆይቷል። አልከፈትኩትም ነበር።

አባይ ይባላል። እዚሁ ሀደራ፣ ኢንዱስትሪ ዞኑ ውስጥ፣ የአሉሚኒየም መስኮት ይሠራል። ያወቅኩት ሀደራ ምዕራብ ባቡር ጣቢያ ነው። ለማታ ትምህርት ወደ ኃይፋ ሲሄድ እኔ ከቴል አቪቭ እመለሳለሁ። ባቡሮቻችን የሚገናኙት አራት ደቂቃ ያህል ነበር። በአራት ደቂቃ ብዙ መተያየት ይቻላል። በኋላ እሱ ባቡሩን ማሳለፍ ጀመረ፤ እኔም ወደ ቤት መቸኮል ተውኩ።

አባቴና እናቴ በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል የመጡ ቤተ እስራኤል ናቸው። የአባይ ቅድመ አያቶች ደግሞ ክርስትና ተነሥተው የነበሩ ናቸው። ቤተሰቡ ጎንደር ከተማ አሥራ አራት ዓመት የመግቢያ ፈቃድ ሲጠብቅ ቆይቶ ነው የመጣው። አባቴ እንዲህ ያሉትን "ስማቸውን የለወጡ ሰዎች" ይሏቸዋል። አባይ ራሱ ይቀልድበታል። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ሲላክ፣ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ፣ አባቶች እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራሉ። "ሽማግሌ ብልክ እኮ አራተኛው ላይ ገብረ ማርያም ይመጣል" ይለኛል። "የኛ ቤት ቆጠራ እዚያ ላይ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ማንም ጠይቆን አያውቅም።" እየሳቀ ነው የሚለው። አንድ ጊዜ ግን ሳይስቅ አለው።

ከዚያ ረቡዕ አሥራ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ ዓርብ ሰንበት ሊገባ ሲል፣ በስልኬ መልእክት መጣ። እስከ ተዝካሩ ድረስ እንዳንገናኝ፣ ምክንያቱን አትጠይቂኝ ይላል። አባቴ እንዳወቁና እንዳስፈራሩት ገባኝ። ያልገባኝ እሱ መፍራቱ ነው። እሑድ ጠዋት ጣቢያው በር ላይ ጠብቆኝ አንድ ፖስታ እጄ ላይ አስቀመጠና ምንም ሳይል ሄደ። አባይ ደብዳቤ የሚጽፈው በእጁ፣ በአማርኛ ነው። እኔ አማርኛ አነባለሁ፤ ግን በጣት እየተከተልኩ ነው፣ አንዱ ገጽ ግማሽ ሰዓት ይወስድብኛል። የፈሪ ሰው ይቅርታ ለማንበብ ግማሽ ሰዓት የለኝም ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ወረወርኩት።

አሁን ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፌ ከፈትኩት። ሰዎች ጋሪ እየገፉ ያልፋሉ። ጣቴ ከፊደል ፊደል ይሄዳል፤ ልቤ ከጣቴ ቀድሞ ይሮጣል፤ ዓይኔ ግን ሊፈጥን አልቻለም።

"ናዓማ፣ ዓርብ ዕለት አባትሽ ወደ ሥራ ቦታዬ መጥተው ነበር። እዚያ የሆነውን ለማንም እንዳልናገር በኦሪት አስምለውኛል። ስለዚህ አልነግርሽም። አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። ምንም ሳትጠይቂኝ ሐኪም ዘንድ ውሰጃቸው። ዛሬውኑ ውሰጃቸው። ዓይናቸውን፣ ልባቸውን፣ ራሳቸውን ይዩላቸው። ይህን መጻፌም መሐላ ማፍረስ ሳይሆን አይቀርም። ሁለት ሌሊት አልተኛሁም።"

ሁለተኛ ገጽ ነበረው። አላነበብኩትም። "ዛሬውኑ" የሚለው ቃል ላይ ቆሜ ቀረሁ። ያ ዛሬ ካለፈ አሥር ቀን ሆኖታል። አሥር ቀን ሙሉ የአባቴን ሕይወት በትከሻዬ አንጠልጥዬ ቴል አቪቭ አመላልሼዋለሁ።

*

በታክሲ ሄድኩ። የሥራ ቦታው በር ላይ የብረት መቁረጫው ጩኸት ተቀበለኝ። አባይ ሲያየኝ ማሽኑን አጠፋና መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። ቅንድቡ ላይ የአሉሚኒየም ብናኝ ነበረበት። ሌላ ጊዜ ቢሆን እጠርግለት ነበር።

"ሆስፒታል ናቸው" አልኩት። "ትናንት ማታ።"

ፊቱ ተለወጠ። "ትናንት? እንደገና?"

"'እንደገና' ማለት ምን ማለት ነው፣ አባይ?"

 እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ። ቆይቶ፣ መጀመሪያ ስትወስጃቸው ዶክተሮቹ ምን አሉ ብሎ ጠየቀኝ። አልወሰድኳቸውም አልኩት። ደብዳቤውን ያነበብኩት ከግማሽ ሰዓት በፊት ነው አልኩት። ጨርቁ እጁ ላይ ቆመ። አሥር ቀን ሙሉ አንብቤ የተቀየምኩት፣ ግን አባቴን ሐኪም ዘንድ ወስጄ ያሳከምኩ መስሎት ነበር። በየቀኑ ደህና ናቸው፣ ወስዳቸዋለች እያለ ነበር የሚሠራው።

"አላነበብሽውም" አለ።

"አላነበብኩትም።"

"ለምን?"

"ጊዜ አልነበረኝም።"

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ትክ ብሎ አየኝ። ያን ያህል ጊዜ ተያይተን፣ እንዲያ አይቶኝ አያውቅም። እኔም በተራዬ ጮህኩበት። ሰው አባቴን ሲታመሙ አይቶ ወረቀት ይጽፋል ወይ፣ ስልክ የለህም ወይ፣ አፍ የለህም ወይ አልኩት። መሐላ ለአንቺ ቃል ብቻ ነው አለኝ፤ እሱ ግን ያደገው፣ ሌላ ምንም የሌለው ሰው መሐላውን ብቻ ይዞ በሚኖርበት ቤት ነው። ሁለታችንም ትክክል ነበርን። ያም ምንም አልጠቀመንም።

"ምን እንደሆኑ ንገረኝ" አልኩት። "ለዶክተሯ የምነግራት እኔ ነኝ።"

ራሱን ነቀነቀ። "ከጀርባቸው አልናገርም። ማፍረሴ ካልቀረ ፊታቸው ቆሜ ላፍርሰው።"

ጃኬቱን አነሣ። ታክሲው ውስጥ ሁለታችንም የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥን። እጁ በመሐላችን ወንበሩ ላይ ነበር፤ መዳፉ ወደ ላይ። አልያዝኩትም። ከያዝኩት የምሰበር መሰለኝ፤ ያን ቀን ደግሞ የምሰበርበት ቀን አልነበረም።

*

ስንገባ አቭነር ከወንበሩ ተነሣ። ይኼ እዚህ ምን ይሠራል አለኝ በዕብራይስጥ። አባይ ኮፍያውን አውልቆ አልጋው ግርጌ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ። ዶክተር ኒሊን ራሴ ሄጄ ጎትቻት መጣሁ፤ ሌላ ታማሚ ዘንድ እንደነበረች እንኳ አልጠየቅኩም።

አባቴ አባይን አዩትና ትራሳቸው ላይ ቀና አሉ።

"መሐላዬን ላፈርስ ነው የመጣሁት፣ አባባ" አለ አባይ። "ሳይሰሙኝ ላደርገው አልፈለግኩም።"

"ምን ብዬህ ነበር?"

"አስታውሳለሁ።"

"በል ልጄም ትስማው። ምን ብዬህ ነበር?"

አባይ ወደ እኔ ሳያይ ተናገረ። "ዝም ካልኩና ከልጅዎ ከራቅኩ፣ ከተዝካሩ በኋላ ሽማግሌ ብልክ አልመልሳቸውም ብለውኝ ነበር።"

ይህን አላውቅም ነበር። ክፍሉ ውስጥ ያለው ማሽን ጢጥ ጢጥ ይላል። የራቀኝ ፈርቶ እንዳልነበር ገባኝ። ለእኔ ሲል ነበር ዝም ያለው። አሁን ሊናገር ሲመጣ የሚከፍለውም እኔን ነበር።

"ከተናገርክ ያ የለም" አሉ አባቴ።

"አውቃለሁ" አለና ወደ ዶክተር ኒሊ ዞረ። በመሐላቸው አስተርጓሚ እንዳይኖር በዕብራይስጥ ነገራት። ዓርብ፣ ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት፣ አባቴ ሥራ ቦታው ሄደው ከልጄ ራቅ እያሉት ሳለ የመኪና ቁልፋቸው ከቀኝ እጃቸው ወደቀ። አፋቸው ተጣመመ፣ ቃል ጠፋባቸው። ደግፎ ቀለም ባልዲ ላይ አስቀምጧቸው ፊታቸውን በውሃ አጠበላቸው። አሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል ቆየ። መናገር ሲችሉ መጀመሪያ ያሉት ለማንም አትናገር ነው። ቀጥለው ደግሞ በዚያው ወር ሁለት ጊዜ የግራ ዓይናቸው ላይ መጋረጃ ወርዶ እንደተነሣ ነገሩት።

ዶክተር ኒሊ ስትሰማ በጣቷ ትቆጥር ነበር። ጣቷን ዘግታ ወደ እኔ ዞረች። ትናንትን የመጀመሪያ ቀን አድርጋ ስታሰላ እንደቆየች፣ እውነቱ ግን ቢያንስ አሥራ ሁለተኛው ቀን ላይ እንደሆንን ነገረችኝ። የሚደጋገም ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሰኞ የለም አለች። "ነገ ጠዋት። የመጀመሪያው እሳቸው ይሆናሉ።"

ለአባቴ ተረጎምኩ። ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥ አጭር አጭር ዓረፍተ ነገር አደረግኩት። የሚቀጥለው ምት ስምንት ደቂቃ ላይቆይ፣ ላይመለስም ይችላል። በተዝካሩ ዕለት ሰው ሁሉ ተሰብስቦ፣ እርስዎ ፊታችን ተቀምጠው፣ የእናቴን ስም መጥራት ሊያቅትዎ ይችላል አልኳቸው።

 ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ "እሷም ተኝታ ነው የገባችው" አሉ።

ያ ነበር ነገሩ። አቭነር አቀረቀረ። ለዶክተር ኒሊ ስነግራት አንድ ነገር አለችኝ፤ ያላሰብኩትን ነገር። አይተኙም አለች። አንገታቸውን ብቻ ነው የምናደነዝዘው። ቧንቧውን ይዘን በምንሠራበት ጊዜ ነቅተው መናገር አለባቸው። ንግግራቸው ነው አንጎላቸው ደም እያገኘ መሆኑን የሚነግረን። በቋንቋቸው የሚያወራቸው ሰው ራስጌያቸው ይቀመጣል።

አባቴ ይህን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። "ነቅቼ?"

"ነቅተው።"

"ማን ነው የሚያወራኝ?"

እኔ እገባለሁ አልኩ። አባቴ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "አንቺ ሦስተኛው ቃል ላይ ዕብራይስጥ ትሆኛለሽ። በሽታው ይሁን አማርኛሽ በምን ይለያል?" አሉ። አቭነርን አዩት። "ይኼ ደም ሲያይ ይወድቃል፤ እሱን ያነሣሉ ወይስ እኔን ይሠራሉ?" ከዚያ በአገጫቸው ወደ አልጋው ግርጌ አመለከቱ። "መሐላ አፍራሹ ይግባ። መናገር ይወዳል።"

ዶክተር ኒሊ እንዳታቋርጠን ብዬ ቶሎ ተረጎምኩላት። የሳቅ ነገር ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ እዚያው ፍርሃት ሆነ። ብዕሩን ተቀብለው ሲፈርሙ የማየው ያችኑ ቀኝ እጅ ነበር።

*

ሐሙስ ጠዋት አስገቧቸው። አባይ አረንጓዴ ልብስና ቆብ ለብሶ ከጋሪው ኋላ ተከተለ። በሩ ከመዘጋቱ በፊት ዞሮ አየኝ። ያችን የባቡር ጣቢያ አራት ደቂቃ የሚያህል እይታ ነበረች፤ ይሄኛው ግን አንድ ሰከንድ አልሞላም።

አቭነር ኮሪደሩን ይመላለሳል። እኔ ተቀምጬ ማስላት ጀመርኩ። ሥራዬ ነው። ባይሠሩ ከመቶ ስንቱ፣ ቢሠሩ ከመቶ ስንቱ፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ከመቶ ስንቱ። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። የሚያስፈራው አንዱም ቁጥር አባቴን አለማወቁ ነው። ስሌቱን ትቼ የደብዳቤውን ሁለተኛ ገጽ አወጣሁ። አሁን ጊዜ ነበረኝ።

"ከአባትሽ ጋር የተስማማነው ነገር አለ" ይላል። "ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ቀለም ባልዲ ላይ ተቀምጠው እጄን እንደ ሕፃን ይዘው ነበር። ስለ እሳቸው ዝም ብዬ አንቺን ባገኝ፣ በየቀኑ ማለዳ ፊትሽን ሳይ የማየው ያን እጅ ነው። ስለዚህ እባክሽ ውሰጃቸው። እኔን የሚያሳጣሽ ቢሆንም ውሰጃቸው።"

ጣቴ የመጨረሻው ቃል ላይ እያለ በሩ በኃይል ተከፈተ። ሬኡት የምትባለዋ ነርስ ወጣች፣ ከመደርደሪያው አንድ ጥቅል መንጭቃ ሮጣ ተመለሰች። ሁለታችንንም አላየችንም። ሰው የሚመጣውን ሲያውቅ ነው ፊት የማያየው። አቭነር መመላለሱን አቆመ። የአባታችንን ስም በሹክሹክታ ጠራ፤ ክንፈ፣ ክንፈ አለ፣ አባቴ ሳይል። በዕድሜዬ እንዲህ ሲጠራቸው ሰምቼው አላውቅም። ያን ጊዜ ወንድሜም እንደ እኔ እንደሚፈራ አወቅኩ። እጁን ያዝኩት። ቀዝቃዛ ነበር። የእኔም ያው ነበር።

ከዚያ በኋላ አርባ ደቂቃ የወጣ ሰው የለም።

አባይ ሲወጣ ቆቡን በእጁ ጨምድዶ ይዞ ነበር። አፉ ተከፈተና ድምፅ አልወጣውም። ሞተዋል አልኩ በልቤ። "ይናገራሉ" አለ። "ናዓማ፣ ይናገራሉ።" ከዚያ ግድግዳው ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ቀስ ብሎ ነገረኝ።

መጀመሪያ ስለ መስኮት አወሩ። የአሉሚኒየም መስኮት ለምን ዝናብ ያስገባል ብለው ገሠጹት። ቀኝ እጃቸው ላይ ሲጫኑት የሚጮህ የጎማ ዳክዬ ሰጥተዋቸው ነበር፤ እጃቸው መሥራቱን በጩኸቱ እንዲያውቁት። ዶክተር ኒሊ አሁን ቧንቧውን ልይዘው ነው፣ ሳታቋርጥ አናግራቸው ስትለው፣ ለአባይ አንድ ቃል እንኳ አልመጣለትም። አባቴ ናቸው የረዱት።

"ቁጠር" አሉት።

"ምን ልቁጠር፣ አባባ?"

"አባቶችህን ነዋ። አንተ ጥራ፣ እኔ እደግማለሁ።"

ፈንታ አለ አባይ፤ አባቱ ነው። ፈንታ አሉ አባቴ፤ ዳክዬው ጮኸ። ተገኘ አለ፤ ተገኘ አሉ፤ ዳክዬው ጮኸ። ዋሴ፤ ዋሴ። አራተኛው ላይ ሲደርስ አባይ አመነታ። ሊዘለው ይችል ነበር፤ ማንም አያውቅበትም። ግን አሁን ከዋሸኋቸው መቼም እውነት አልነግራቸውም ብሎ አሰበ።

"ገብረ ማርያም" አለ።

አባቴ አልደገሙም። ዳክዬውም ዝም አለ። አባይ መጀመሪያ የተቆጡ መሰለው። ስሙ ነው ያስከፋቸው ብሎ ለአንድ አፍታ ጠበቀ። ከዚያ አፋቸውን አየው። ያንን አፍ ያውቀዋል፤ ከአሥራ ሦስት ቀን በፊት ቀለም ባልዲ ላይ አይቶታል። ዝም አሉ ብሎ ለዶክተሯ ጮኸ። ዶክተር ኒሊ ድምፅዋን ሳታነሣ ደም በጎን የሚያሳልፈውን ቀጭን ቱቦ አምጡልኝ አለች። ነርሷ የሮጠችው ያን ጊዜ ነው። አባይ ሌላ ቃል ስላጣ ያንኑ ስም ይጠራ ነበር። ገብረ ማርያም፣ አባባ። ገብረ ማርያም። አባቶቹ የደበቁትን ስም፣ ሰው ሁሉ በሚሰማበት፣ እንደ ልመና ደጋግሞ ጠራው። ሦስት ደቂቃ ነበር የቆየው አሉት በኋላ። እሱ ግን ጎንደር ከጠበቀው አሥራ አራት ዓመት እንደረዘመበት ነገረኝ።

ከዚያ ዳክዬው አንድ ጊዜ ጮኸ።

ቆይቶ የአባቴ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ቃሉ ቀስ ብሎ፣ እየተጎተተ መጣ። "ከገብረ ማርያም በፊትስ" አሉት። "ከገብረ ማርያም በፊት ማን አለ?"

አባይ ይህን ሲነግረኝ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። "በዕድሜዬ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም" አለኝ። "ይርዳው አልኳቸው። ጀምበሬ አልኳቸው። ሰባተኛው ይስሐቅ ነው አልኳቸው። ሁሉንም ደገሙልኝ።"

አልቅሼ አላውቅም የምል ሰው ነኝ። ያን ጊዜም ግንባሬን ትከሻው ላይ አሳረፍኩ እንጂ አላለቀስኩም። ቅንድቡ ላይ የትናንቱ ብናኝ አሁንም ነበር። በአውራ ጣቴ ጠረግኩለት።

*

ከሰዓት በኋላ እኔን ብቻ አስገቡኝ። አንገታቸው በግራ በኩል ተጠቅልሏል። ድምፃቸው ሻክሯል፤ ዶክተር ኒሊ ይህ ይመለሳል አለች። ዛሬና ነገ የደም ግፊታቸውን በዓይናችን ሥር እናደርጋለን፣ ገና ከአደጋው አልወጣንም አለች። እሷ የማትዋሽ ሴት ስለሆነች ፍርሃቴ ከእኔ ጋር ገብቶ አልጋው አጠገብ ቆመ።

"ተዝካሩ በቀኑ ነው" አሉ አባቴ መጀመሪያ።

"በቀኑ ነው።"

"ያ ልጅ መሐላውን አፍርሷል። ስለዚህ ከእሱ ጋር የነበረን ውል የለም።"

 በዚያች ቀን ከእሳቸው ጋር ልከራከር አልችልም ነበር። ዓይናቸውን ጨፈኑ። የተኙ ሲመስለኝ እንደገና ተናገሩ።

"ሽማግሌ ሲልክ ቆጠራውን ይተዉት በይው። እኔ ሰምቻለሁ።"

ጣቴን በቀኝ መዳፋቸው ውስጥ አስገባሁ። ጨበጡኝ።

"እንደገና" አልኳቸው።

ጨበጡኝ።

"እንደገና፣ አባዬ።"